ልጆችን ሰዓት ማንበብና ጊዜ መለካት ማስተማር፦ ከሰዓት ቆጣሪው የሚጀምር መመሪያ

ሰዓት ማንበብና ጊዜን መለካት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። አንድ ልጅ የግድግዳውን ሰዓት አይቶ «ሦስት ተኩል» ማለት እየቻለ ግማሽ ሰዓት ምን ያህል እንደሚረዝም ጭራሽ ላያውቅ ይችላል። ሌላው ደግሞ የቆይታን ልክ አሳምሮ እየገመተ የሰዓቱ ገጽ ያደናግረዋል። ትምህርቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለቱ ተደባልቀው፣ ያውም ሁለቱ ቆጣሪዎች በአንድ ቀን ስለሚቀርቡ ነው። ይህ መመሪያ ሁለቱን ለያይቶ ይሄዳል። የሰዓቱን ገጽ በተመለከተም አንድ አቋም አለው፦ መጀመሪያ ሰዓት ቆጣሪው ብቻውን ይማር። ደቂቃ ቆጣሪው የሚጨመረው ልጁ በሰዓት ቆጣሪው ብቻ ጊዜውን መናገር ከቻለ በኋላ ነው።

ስለ አጠራሩ አስቀድመን እንስማማ። ብዙ ሰው ለልጅ ሲያስረዳ «ትልቁ» እና «ትንሹ» ይላል። ሰዓት ከደቂቃ ይበልጣል፤ ሰዓት ቆጣሪው ግን ከደቂቃ ቆጣሪው ያንሳል። ልጁ ትልቁ ነገር በትልቁ ቆጣሪ የሚነገር መስሎት ሁለቱን ያቀያይራል፤ እንዲህ ማሰቡም አያስወቅሰውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በሥራቸው «ሰዓት ቆጣሪ» እና «ደቂቃ ቆጣሪ» ብላችሁ ጥሯቸው፤ በቀለምም ለዩዋቸው።

ልጁ ለየትኛው ደረጃ ደርሷል?

በግምት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ጊዜ የቅደም ተከተል ነው። ሙሉ ሰዓትና ተኩል ከ5 እስከ 6፣ ሩብና አምስት አምስት ደቂቃ ከ6 እስከ 7፣ ደቂቃ በደቂቃ ማንበብ ከ7 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል። «ምን ያህል ቆየ?» የሚለው ስሌት ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ከዕድሜው ይልቅ ግን ልጁ ቀድሞ የያዘውን እወቁ። ለሰዓት ቆጣሪው እስከ 12 መቁጠር፣ ቁጥሮቹን በዓይን መለየትና «ከ7 በኋላ ማን ይመጣል? ከ7 በፊትስ?» ለሚለው ሳያመነታ መመለስ ይበቃል። ለደቂቃ ቆጣሪው እስከ 60 መቁጠር፣ በአምስት እየዘለሉ መቁጠር፣ የክብ ግማሽና ሩብ የቱ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በአምስት መቁጠር ያልለመደ ልጅ ደቂቃ ላይ ሲሰናከል ሰዓቱ የከበደው ይመስላል፤ የጎደለው ግን ቆጠራው ነው። እንዲህ ከሆነ ሰዓቱን አስቀምጡትና ለሁለት ሳምንት ያህል በአምስት ቁጠሩ።

በአፍ የሚነገረው ጊዜ

ልጁ የዕለት ተግባሩን የሚያሳዩ ሥዕሎች ይሣል፦ ከእንቅልፍ መነሣት፣ ፊት መታጠብ፣ መጫወት፣ መተኛት። በ3 ሥዕል ጀምሩና ከግራ ወደ ቀኝ ይደርድራቸው። ሲቀልለው 5 አድርጓቸው። ከዚያ ልጁ ዓይኑን ሲጨፍን አንዱን አንሡና የጎደለው የቱ እንደሆነ ጠይቁት። «ከዚህ በፊት ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ «ቀጥሎስ?» ከሚለው ይከብዳልና ሁለቱንም እያቀያየራችሁ ጠይቁ።

ትንንሽ ልጆች ያለፈውን ሁሉ «ትናንት»፣ የሚመጣውን ሁሉ «ነገ» ማለታቸው የተለመደ ነው። «አይደለም» ብሎ ከማረም ይልቅ ትክክለኛውን አስገብቶ መድገም ይሻላል፦ «አዎ፣ ባለፈው ሳምንት ሄደን ነበር»። ሰባት ሳጥን ያለው የሳምንት ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ስቀሉና ልጁ ሁልጊዜ ጠዋት አንድ መቆንጠጫ ወደ ቀጣዩ ሳጥን ያሳልፍ። ትናንት ከመቆንጠጫው በስተግራ፣ ነገ በስተቀኝ መሆናቸውን በጣቱ እያሳየ ይናገር።

የልጁን የጊዜ ስሜት ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው የአዋቂ አነጋገር ነው። «አንድ ደቂቃ ጠብቀኝ» ተብሎ ሩብ ሰዓት የተቀመጠ ልጅ «ደቂቃ» ማለት «ዝም ብለህ ጠብቅ» ማለት እንደሆነ ይማራል። በኋላ ደቂቃን በሰዓት ላይ ስታሳዩት ከዚያ ትርጉም ጋር ትታገላላችሁ። ምን ያህል እንደምትቆዩ ካላወቃችሁ «ይህን ሥራ ስጨርስ» በሉ። «አምስት ደቂቃ» ካላችሁ ግን ሰዓት መለኪያ ሙሉና አምስቱ ሲሞላ ቃላችሁን ጠብቁ። ይህን ብቻ ያለማቋረጥ ማድረግ ከብዙ የልምምድ ወረቀት ይበልጣል።

ያለ ሰዓት መለካት

መለካት የሚጀምረው ከማወዳደር ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ጭብጨባ መራመድ ጀምረው በአንድ ጭብጨባ ይቁሙ፤ አንዱ ፈጠን፣ ሌላው ቀስ ይበል። ከዚያ «ረዘም ላለ ጊዜ የተራመደው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ትንንሽ ልጆች ርቆ የሄደውን ይጠቁማሉ። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ እንዳስተዋለው፣ በዚህ ዕድሜ ጊዜ፣ ርቀትና ፍጥነት ይደባለቃሉ። በክርክር አይፈታም፤ ልጁ ራሱ እየተራመደ ይድገመው። «ስትጀምሩ አንድ ላይ ነበራችሁ? ስትቆሙስ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ቀጥሎ አጀማመሩን አለያዩ፦ አንዱ ቀድሞ ይጀምር፣ ሁለቱ ግን አንድ ላይ ይቁሙ።

አሁን በጭብጨባ ለኩ። ልጁ ጫማውን ሲያደርግ እናንተ አጨብጭቡና ቁጠሩ። ከዚያ ሆን ብላችሁ በፍጥነት እያጨበጨባችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ሲበዛ ልጁ ይገረማል፤ መለኪያው እኩል መሆን እንዳለበት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። እኩል የሚሄድ መለኪያ ደግሞ በእጅ መሥራት ይቻላል።

ፔንዱለም፦ ክር፣ አንድ ከባድ ነገር (ዳዶ ወይም ቁልፍ) እና ክሩ የሚታሰርበት የማይነቃነቅ ቦታ አዘጋጁ። ከታሰረበት ነጥብ እስከ ከባዱ ነገር መሃል ያለው ርቀት 25 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አንድ የደርሶ መልስ ውዝዋዜ 1 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ 60 ውዝዋዜ አንድ ደቂቃ ነው። ርቀቱን ወደ 1 ሜትር ብታሳድጉት አንዱ ውዝዋዜ 2 ሰከንድ ያህል ይሆናል። ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲያድግ ጊዜው የሚያድገው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው፤ ይህን ልጁ ራሱ ቆጥሮ ያግኘው። ከባዱን ነገር በእጥፍ ብታከብዱት ግን፣ ርዝመቱ እስካልተነካ ድረስ ጊዜው አይለወጥም። የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ርዝመቱን እስከ ቋጠሮው ብቻ መለካት ነው፤ መለካት ያለበት እስከ ከባዱ ነገር መሃል ነው። ሁለተኛው ክሩን በእጅ መያዝ ነው፤ እጅ ይንቀሳቀሳል፣ ውዝዋዜውም ይዛባል። ሦስተኛው አቆጣጠሩ ነው፤ ሲለቀቅ «ዜሮ»፣ ሄዶ ሲመለስ «አንድ» ይባላል። ሲለቀቅ «አንድ» ያለ ልጅ ሁልጊዜ አንድ ውዝዋዜ ይጎድለዋል። ስታወዛውዙትም አታርቁት፤ ትንሽ ገፋ ማድረግ ይበቃል።

የአሸዋ መለኪያ፦ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ታቹን ቁረጡና ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑት። ክዳኑን መሃል ላይ በሚስማር 4 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ብሱ። መቁረጡና መብሳቱ የአዋቂ ሥራ ነው። ጠርሙሱን ዘቅዝቃችሁ ብርጭቆ ላይ አስቀምጡ፤ ቀዳዳውን በጣት ይዛችሁ በወንፊት የተነፋ ደረቅ አሸዋ ጨምሩ። በዚህ ቀዳዳ በደቂቃ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወርዳል፤ እንደ አሸዋው ቅንጣት ይለያያልና በዚህ ቁጥር አትታመኑ። በስልክ ሰዓት መለኪያ አንድ ደቂቃ እንደሞላ ቀዳዳውን ዝጉና ብርጭቆው ውስጥ የወረደው አሸዋ የደረሰበትን አስምሩ፤ የአንድ ደቂቃ መለኪያ ይኸው ነው። አሸዋው መሃል ላይ ከቆመ እርጥበት አለው ወይም ጠጠር ገብቶበታል፤ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ እንደገና ንፉት። ጨው እርጥበት ስለሚስብ ቶሎ ይጓጉላል፤ ለዚህ ሥራ አይመከርም።

ያንኑ ጠርሙስ በውኃ ሞልታችሁ ብትሞክሩት ጥሩ ትምህርት ይገኛል። ለዚህኛው ከ2 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ቀዳዳ ያለው ሌላ ክዳን አዘጋጁ። በየግማሽ ደቂቃው ውኃው ጠርሙሱ ላይ የደረሰበትን ብታሰምሩ፣ መስመሮቹ ወደ ታች ሲወርዱ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ውኃው ሲጎድል ግፊቱ ስለሚቀንስ ፍሰቱ ይዘገያል። የአሸዋው ክብደት ግን በአብዛኛው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ስለሚያርፍ ብዙም ቢሆን ጥቂት በእኩል ፍጥነት ይወርዳል። ትልልቆቹ ልጆች ይህን አይተው «ታዲያ የቱ ይሻላል?» ብለው መከራከር ይወዳሉ፤ ይከራከሩ።

መለኪያዎቹ ከተሠሩ በኋላ የግምት ጨዋታ አምጡ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ደቂቃ ሞላ ሲለው እጁን ያንሣ። የገመተውንና በእርግጥ ያለፈውን በሁለት ዓምድ ጻፉ። ከዚያ የዕለት ሥራዎችን ይገምት፦ እጅ መታጠብ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ ደረጃ መውጣት። ከመለካት በፊት ግምቱ መጻፍ አለበት፤ ያለዚያ ልጁ ልኬቱን አይቶ ግምቱን ይቀይራል። ልዩነቱ ከሳምንት ሳምንት እየጠበበ ሲሄድ ማየት ለልጁም ለእናንተም ደስ ያሰኛል።

የካርቶን ሰዓቱን መሥራት

ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የመጫወቻ ሰዓቶች አንድ ከባድ ጉድለት አለባቸው፦ ሁለቱ ቆጣሪዎች አልተያያዙም። ልጁ ደቂቃ ቆጣሪውን 6 ላይ አድርጎ ሰዓት ቆጣሪውን ልክ 3 ላይ ይተወውና «ሦስት ተኩል» ይላል፤ እንዲህ የሚቆም እውነተኛ ሰዓት ግን የለም። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ ልጁ ራሱ የሚሠራው የካርቶን ሰዓት ነው። ሁለተኛው ጀርባው ላይ ማስተካከያ ያለው አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ባትሪውን አውጡና ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አኑሩት። ማስተካከያው ሲዞር ሁለቱም ቆጣሪዎች በእውነተኛ ግንኙነታቸው ይሄዳሉ።

1. በኮምፓስ ሬዲየሱ 9.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ጠንካራ ካርቶን ላይ ሥሩና ቁረጡ። የክቡ ዙሪያ 60 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይጎድለዋል፤ ልኩ የተመረጠው ለዚህ ነው።

2. ኮምፓሱን ሳትዘጉ በዚያው ልክ ጠርዙ ላይ እየተራመዳችሁ ምልክት አድርጉ። ስድስት ምልክት ይወጣል፤ እነሱም 12፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ናቸው። በየሁለቱ መካከል ደግሞ ጎዶሎዎቹን አስገቡ። ቁጥሮቹን ከጠርዙ ገባ አድርጋችሁ በቀይ ጻፉ።

3. ስፋቱ 3፣ ርዝመቱ 61 ሴንቲ ሜትር የሆነ የወፍራም ወረቀት ጥብጣብ አዘጋጁ። ቁርጥራጮችን ካያያዛችሁ መጀመሪያ አያይዙ፣ ከዚያ አስምሩ፤ ቀድሞ የተሰመረ ጥብጣብ መጋጠሚያው ላይ ይዛባል። በየ1 ሴንቲ ሜትሩ በሰማያዊ አጭር መስመር፣ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ረዘም ያለ መስመርና ቁጥር ይኑረው፦ 0፣ 5፣ 10 እያለ እስከ 60። የተረፈችው 1 ሴንቲ ሜትር ለማጣበቂያ ናት።

4. ቀይ ሰዓት ቆጣሪ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ሰማያዊ ደቂቃ ቆጣሪ 9 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ደቂቃ ቆጣሪው ጥብጣቡን ሊነካ እስኪደርስ መርዘም አለበት፤ ካጠረ ልጁ የትኛውን መስመር እንደሚያመለክት አይለይም። ለጊዜው የምትገጥሙት ሰዓት ቆጣሪውን ብቻ ነው፤ እግሩ በሚታጠፍ የወረቀት ማያያዣ ወይም በአጭር ቡሎንና ዳዶ እሰሩት።

ጥብጣቡን አሁን አታጣብቁት። ተራው በኋላ ነው።

ሰዓት ቆጣሪው ብቻውን

የመጀመሪያዎቹ የአውሮፓ መካኒካል ሰዓቶች ደቂቃ ቆጣሪ አልነበራቸውም። ደቂቃ ቆጣሪ የተለመደው ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 እ.ኤ.አ. የፔንዱለም ሰዓት ከሠራ በኋላ፣ ሰዓቶች ደቂቃን ለማሳየት የሚበቃ ልክነት ሲያገኙ ነው። ከዚያ በፊት ሰው በአንድ ቆጣሪ ጊዜውን ያውቅ ነበር፤ ልጅም ይችላል።

አራት አነጋገሮችን ብቻ አስተምሩ፦ «ልክ ሦስት ነው»፣ «ሦስት አለፍ ብሏል»፣ «ሦስትና አራት መሃል ነው»፣ «አራት ሊሆን ነው»። ከ3 እስከ 4 ያለውን ክፍተት በቀጭን ቀለም ቀቡና «የሦስት ቤት» በሉት። ሁሉንም አሥራ ሁለቱን ቤቶች በሁለት ቀለም እያፈራረቃችሁ ቀቡ። ሕጉ አንድ ነው፦ ሰዓት ቆጣሪው የማን ቤት ውስጥ ነው? አራትን ሊነካ ጥቂት ቢቀረውም ገና የሦስት ቤት ውስጥ ነው። ይህን ሕግ አሁን ያልያዘ ልጅ በኋላ 3፡50ን «4፡50» ብሎ ማንበቡ አይቀርም። ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ጠቅላላው ትምህርት የሚቆመው በዚህች ቤት ላይ ነው።

በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ከልምምድ ወረቀት ይልቅ በቀኑ ውስጥ እየደጋገማችሁ እውነተኛውን ሰዓት ጠይቁ፤ ደቂቃ ቆጣሪውን ለጊዜው ችላ እንዲል ንገሩት። ልጁ ሳያመነታ በቤቱ ከጠራውና መሃሉን «ተኩል» ማለት ከለመደ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ደቂቃ ቆጣሪው ሲጨመር

አሁን ጥብጣቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ልጁ ጣቱን እያንሸራተተ ከ0 እስከ 60 ይቁጠር፣ ከዚያም በአምስት እየዘለለ። ቀጥ ባለ መስመር ላይ 35ን፣ 50ን፣ 12ን ማግኘት ሲቀለው ቁጥሮቹ ወደ ውስጥ እንዲያዩ አድርጋችሁ ጥብጣቡን በካርቶኑ ዙሪያ አቁሙትና 60ው 0ው ላይ አርፎ እንዲጣበቅ አድርጉ። የጥብጣቡ 0 ከ12 ጋር ይግጠም። ደቂቃ ቆጣሪ የሚያነበው የተጠቀለለ የቁጥር መስመር መሆኑን ልጁ በገዛ እጁ አየ ማለት ነው። 60 እና 0 አንድ ቦታ መሆናቸውም ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ደቂቃ ቆጣሪውን ግጠሙና መጀመሪያ ብቻውን አዙሩት፤ ልጁ ከሰማያዊው ጥብጣብ ላይ ደቂቃውን ያንብብ። በቀይ የተጻፉትን ቁጥሮች እንዳያይ በክብ ወረቀት መሸፈን ይረዳል። ከዚያ ባትሪ የሌለውን እውነተኛ ሰዓት አምጡ። ልጁ ማስተካከያውን ቀስ ብሎ ያዙር፣ ዓይኑ ግን ሰዓት ቆጣሪው ላይ ይሁን። ደቂቃ ቆጣሪው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ሰዓት ቆጣሪው አንድ ቤት ብቻ ያልፋል። በዲግሪ ሲታይ ደቂቃ ቆጣሪው በደቂቃ 6 ዲግሪ፣ ሰዓት ቆጣሪው ግማሽ ዲግሪ ይሄዳል፤ ስለዚህም የሰዓት ቆጣሪው እንቅስቃሴ በዓይን አይታይም። ዲግሪው ለእናንተ ነው፤ ለልጁ መቁጠሪያው ቤቱ ይበቃል።

የንባቡ ቅደም ተከተል አይለወጥ፦ መጀመሪያ ሰዓት ቆጣሪው የማን ቤት ነው? ቀጥሎ ደቂቃ ቆጣሪው ስንት ላይ ነው? ሁለቱ እርስ በርስ መመስከር አለባቸው። ሰዓት ቆጣሪው ቤቱን ሊጨርስ ከሆነ ደቂቃው ከ45 በላይ መሆን ይኖርበታል። ልጁ «3 ከ10» ካለና ሰዓት ቆጣሪው አራትን ሊነካ ከደረሰ፣ «ሁለቱ ይስማማሉ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያርመዋል።

ከሩብና ተኩል በኋላ «ጉዳይ» በመጨረሻ ይምጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ «ለአራት ሩብ ጉዳይ» ስንል ሰዓት ቆጣሪው በሦስት ቤት እያለ የምንጠራው አራትን ነው። የቤቱን ሕግ ገና ያልያዘ ልጅ ይህን ከሰማ የያዘውንም ይጥላል። መጀመሪያ «ሦስት ሰዓት ከ45» ብሎ ያንብብ፤ ከዚያ «ለመሙላት ስንት ቀረው?» ይጠየቅ። 55 እና 5፣ 50 እና 10፣ 45 እና 15፣ 40 እና 20፣ 35 እና 25 የሚሉትን ጥንዶች በቃሉ ሲይዝ «ጉዳይ» በራሱ ይመጣል።

የሚታዩ ስህተቶችና መነሻቸው

ስህተቱን ከማረም በፊት ከየት እንደመጣ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ደቂቃ ቆጣሪው 4 ላይ ሲሆን «4 ደቂቃ» የሚል ልጅ የሚያነበው ቀዩን ቁጥር ነው፤ ወደ ጥብጣቡ መልሱት። ሩብ ሰዓትን 25 ደቂቃ የሚል ልጅ የመቶን ሩብ ይዞ መጥቷል፤ ክብ ወረቀት ሁለት ጊዜ አጥፎ አንዱን ሩብ በጥብጣቡ ላይ ይለካው፣ 15 ያገኛል። 12፡30ን «1፡30» የሚል ልጅ ቁጥር ከ1 እንደሚጀምር ስለለመደ የአሥራ ሁለትን ቤት ረስቶታል፤ ያን ቤት ለብቻው አለማምዱት።

አንድ ስህተት ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። በሰዓቱ ታችኛው ግማሽ ላይ ቆጣሪው የሚሄደው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ከላይ ወደ ቀኝ ሲሄድ ያየ ልጅ ታች ሲደርስ «ወደ ኋላ ሄደ» ብሎ አቅጣጫውን ይለውጥና ከ25 በኋላ ወደ 20 ይመለሳል። በካርቶኑ ጠርዝ ዙሪያ ቀስቶች ሣሉ፤ ልጁም ከመቁጠሩ በፊት ጣቱን ሙሉ ዙር ያዙር።

ሲጽፍ ደግሞ 3፡05ን «3፡5» የሚል ካለ፣ ደቂቃ ምንጊዜም በሁለት አኃዝ እንደሚጻፍ አሳዩት፤ ያለዚያ 3፡5 እና 3፡50 ይምታቱበታል።

የስክሪን ቁጥርና የስድስት ሰዓት ልዩነት

ስክሪን ላይ ያለው ቁጥር ለማንበብ ይቀላል፤ ቢሆንም ምን ያህል እንደቀረ አያሳይም። 2፡58 ለልጅ «ሁለት» ነው፤ በክብ ሰዓት ላይ ግን ሦስት ሊሆን አንድ እርምጃ እንደቀረው በዓይን ይታያል። ስለዚህ ክቡ ይቅደም።

በአማርኛ የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ስልክና ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ልጁ የሚማርበት ሰዓት በአፍ ከምትናገሩት ጋር ይስማማ፤ ግድግዳው 8 እያሳየ «ሁለት ሰዓት ሆኗል» ከተባለ መማሩ ይቆማል። ሁለተኛውን አቆጣጠር ልጁ በአምስት ደቂቃ ልክ ማንበብ ከቻለ በኋላ ብቻ አምጡት። ያኔ ቀላል ነው፦ ስድስት ሰዓት የክቡ ግማሽ ስለሆነ ማስመሪያ በመሃል አሳልፋችሁ ስታስቀምጡ የሚፈለገው ቁጥር ትይዩ ይገኛል፤ 2 ከ8፣ 3 ከ9፣ 1 ከ7፣ 12 ከ6። ደቂቃው አይነካም። ስክሪኑ 14፡20 ካለ 6 ቀንሱ፣ 8፡20 ይሆናል። 20፡15 ካለ 6 ሲቀነስ 14፡15 ይመጣል፤ ከ12 ስለበለጠ 12 ቀንሱ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ነው።

ምን ያህል ቆየ?

አንድ ነገር 2፡40 ጀምሮ 4፡15 ቢያልቅ ምን ያህል ቆየ? ልጁ ቁጥሮቹን አንዱን ከሌላው ሥር ጽፎ ከቀነሰ «1፡75» ያገኛል፤ 100 የተበደረው 60 መበደር ሲገባው ነው። ስለዚህ መቀነስን ተዉና ባዶ መስመር አስምሩ። ከ2፡40 ወደ 3፡00 ዝለሉ፣ 20 ደቂቃ። ከ3፡00 ወደ 4፡00፣ 1 ሰዓት። ከ4፡00 ወደ 4፡15፣ 15 ደቂቃ። ድምሩ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ። መጀመሪያ ሁልጊዜ ወደ ሙሉ ሰዓት ይዘለላል።

ከ2፡05 እስከ 2፡25 ስንት ደቂቃ ነው ሲባል 25 የሚል ልጅ በጣቱ የነካቸውን ቁጥሮች 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ብሎ ቆጥሯል። የሚቆጠረው ዝላዩ ነው፤ ዝላዩ 4 ስለሆነ 20 ደቂቃ ነው። ሲዘል ብቻ ድምፅ እንዲያወጣ አድርጉት፤ መነሻው ላይ ዝም ይበል።

ጥያቄዎቹን በዚህ ተራ አቅርቡ፦ መነሻና ቆይታ ተሰጥቶ መጨረሻውን ማግኘት፣ መነሻና መጨረሻ ተሰጥቶ ቆይታውን ማግኘት፣ መጨረሻና ቆይታ ተሰጥቶ መነሻውን ማግኘት። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ በመስመሩ ላይ ወደ ኋላ መዝለል ስለሚጠይቅ ሌሎቹ ሳይጸኑ አትሞክሩት። 12ን የሚያልፍ ጥያቄም የራሱ ልምምድ ያስፈልገዋል። ከ11፡40 እስከ 1፡10 ሲባል ልጁ 1 ከ11 ያንሳል ብሎ ይደናገራል ወይም ገልብጦ ይቀንሳል። መስመሩ ላይ ከ12 ቀጥሎ 1ን ጻፉና እንደተለመደው ይዝለል፦ 20 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት፣ 10 ደቂቃ፤ በድምሩ 1 ሰዓት ተኩል። ከዚያ ባትሪ በሌለው ሰዓት ላይ ያንኑ በማስተካከያው እያዞረ ሰዓት ቆጣሪው ከአሥራ አንድ ቤት ወጥቶ፣ የአሥራ ሁለትን ቤት አቋርጦ አንድ ቤት ሲገባ ይመልከት።